ቀኑን ሙሉ እየበላች የምትከሳ ወፍ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዜብራ ፊንች የሚባሉትን ትናንሽ ወፎች ቤት ውስጥ ማኖር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አራት ነበሩ፤ ሁለት ጥንድ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዱን ወንድ ኬጁ ወለል ላይ ሞቶ አገኘሁት። የምግብ ዕቃው ሙሉ ስለነበር ለሁለት ቀን አልጨመርኩም ነበር፤ ስለዚህ በረሃብ እንዳልሞተ እርግጠኛ ነኝ። አሁን ደግሞ ከሴቶቹ አንዷ ላባዋን ነፍታ ኩርምት ብላ ትውላለች። የሚገርመኝ ቀኑን ሙሉ ትበላለች። ስይዛት ግን የደረቷ አጥንት ስለት ሆኗል። ኩሷ ውኃ የበዛበት ነው፤ ውስጡም ሳይፈጭ የወጣ ፍሬ አያለሁ። ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ ተጣብቋል። ተቅማጥ መስሎኝ ጎመን መስጠት አቆምኩ። ቤት የነበረ የሰው አንቲባዮቲክ ከካፕሱሉ አውጥቼ ለሦስት ቀን ውኃቸው ላይ በጠበጥኩላቸው። እህሉ እንዲፈጭላት ብዬ አሸዋና ደቃቅ ጠጠርም ሰጠኋት። ለውጥ የለም። ምግባቸው ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የወፍ እህል ብቻ ነው። ባሏ ከጎኗ አይለይም፤ እንዳልለያቸው ሁለቱም የሚጎዱ መሰለኝ። ምን ላድርግ? ጥፋቱስ የኔ ነው? እባክዎ ይምከሩኝ።

መልስ

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ብዙ ሰው «ወፌ ታመመች» ብቻ ብሎ ነው የሚጽፍልኝ። አንቺ ግን ኩሷን አይተሻል፣ ደረቷን ዳስሰሻል። ሥራዬን በግማሽ አቅልለሽልኛል።

ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ዛሬውኑ የምታደርጊውን ልንገርሽ። አንቲባዮቲክ ያለበትን ውኃ ድፊው። ዕቃውን በደንብ አጥበሽ ንጹሕ ውኃ አድርጊላቸው። አሸዋና ጠጠሩን አውጪ። ከዚያ የታመመችውን ለብቻዋ አድርጊና አሙቂያት። ትንሽ ኬጅ፣ ካልሆነም አየር የሚገባበት ካርቶን ይበቃል። ሦስት ጎኑን በጨርቅ ሸፍኚው። ሙቅ ውኃ የሞላሽበትን ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለሽ በአንድ ወገን አስጠጊላት፤ ሲቀዘቅዝ ቀይሪው። በዚያ ወገን ያለው ሙቀት ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ጥሩ ነው። ሌላኛው ወገን ቀዝቀዝ ይበል፤ ሲበዛባት የምትሸሽበት ያስፈልጋታል። አፏን ከፍታ፣ ክንፏን ከገላዋ አራርቃ ከተነፈሰች በዝቶባታል ማለት ነውና ቀንሺላት። መቆሚያ እንጨቱን ዝቅ አድርጊው። ምግብና ውኃውን እሷ ካለችበት ሁለት እርምጃ እንኳን ሳትሄድ የምትደርስበት ቦታ አኑሪው። ማታም ደብዘዝ ያለ መብራት ተዪላት፤ ከራባት ሌሊትም ትብላ።

ሙቀት ላይ እንዲህ የምወተውትሽ በምክንያት ነው። አንዲት ዜብራ ፊንች ብትመዘን ከ12 እስከ 16 ግራም ነው፤ ከዚያ ብዙም አትዘልም። የገላዋ ሙቀት ግን 41 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያችን ሚጢጢ ገላ እንዲህ አሙቆ ለማዋል የምትበላው እህል ማገዶ ነው። የአንቺ ወፍ ማገዶውን ትጨምራለች፣ እሳቱ ግን አይያያዝም። ከውጭ ካሞቅሻት የቀራትን ጉልበት ለመዳን ታውለዋለች።

አንድ ነገር አረጋግጪልኝ። ሴት ስለሆነች እንቁላል ሆዷ ውስጥ ቀርቶባት እንዳይሆን። ኩርምት ብላ ወለል ላይ የተቀመጠች፣ ጅራቷን እያወዛወዘች የምታምጥ፣ ከጅራቷ ሥር ያበጠች ሴት ወፍ ተቅማጥ የያዛት ሊመስል ይችላል። ያ ከሆነ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ እያሞቅሽ ሐኪም ጋ ሩጪ። ከጻፍሽልኝ ሲታይ ግን የአንቺዋ ይህ አይመስልም። እንቁላል የያዛት ወፍ ቀኑን ሙሉ ስትበላ አትውልም።

ወደ ኩሷ እንምጣ። የጤነኛ ወፍ ኩስ ሦስት ነገር አለው። ጠቆር ያለ፣ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ቅርጽ ያለው ዋናው ኩስ አለ። በላዩ ወይም በጎኑ ነጩ አለ፤ ያ የሽንቷ ጥጥር ክፍል ነው። ዙሪያውን ደግሞ ትንሽ ጥርት ያለ ውኃ አለ፤ እሱም ሽንት ነው። ጎመን ወይም ፍራፍሬ የበላች ወፍ ውኃው ይበዛባታል፤ ጠቆር ያለው ክፍል ቅርጹን እስከያዘ ድረስ ግን ይህ ተቅማጥ አይደለም። ተቅማጥ የምንለው ያ ጠቆር ያለው ራሱ ሲቀልጥ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና ቅጠል ይከለክላል። አንቺም ያደረግሽው ይኼንኑ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ወለሉ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፊላት። ጠዋትና ማታ ቀይሪው። ወረቀቱን ቁጭ ብለሽ ተመልከቺው። ምንም ጠቆር ያለ ነገር ሳይኖረው ነጭና ውኃ ብቻ ከሆነ፣ ወይም እንደ ሣር ቀለም ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ጥቂት ብቻ ከሆነ፣ የምትበላ የምትመስልሽ ወፍ ምንም እየዋጠች አይደለም። ዕቃው ላይ ተደፍታ ገለባ ስትበትን መዋል መብላት አይደለም። እንደ ሬንጅ ጥቁር ከሆነ ሆዷ ውስጥ ደም አለ። የአንቺዋ ግን ሙሉ ፍሬ ታወጣለች። ይህ ሌላ ነው፤ ትውጣለች፣ ጨጓራዋ ግን ሥራውን አልሠራም።

ወፍ ጥርስ ስለሌላት የሚፈጭላት ጨጓራዋ ነው። ጨጓራዋ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው አሲድ ያመነጫል፣ ሁለተኛው ጠንካራ ጡንቻ ያለው ወፍጮ ነው። ፊንቾች ውስጥ ይህን የሚያበላሽ በጣም የታወቀ ነገር አለ፤ ማክሮራብደስ የሚባል የእርሾ ዓይነት ፈንገስ ነው። ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይሰፍርና አሲዱን ያዳክመዋል። ከዚያ ፍሬው እንደገባ ይወጣል። ወፏ ይርባታል፣ ትበላለች፣ ትከሳለች። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ይኼ ነው።

የዚህን በሽታ ታሪክ ብታውቂ አንቲባዮቲኩ ለምን እንዳልሠራ ይገባሻል። ለብዙ ዓመት ትልቅ ባክቴሪያ ነው ተብሎ «ሜጋባክቴሪያ» ሲባል ኖሯል። እርሾ መሆኑ በጥናት የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስሙ አሁንም በወፍ አርቢዎች አፍ ላይ ስላለ ብዙ ሰው ባክቴሪያ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ይሰጣል። እርሾን አንቲባዮቲክ አይገድለውም። ጭራሽ ሆዷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሲያጠፋቸው ካንዲዳ ለሚባለው ሌላ ፈንገስ ቦታ ይለቅለታል። ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ይህ ነው። በዚያ ላይ ውኃ ላይ ሲበጠበጥ ስንት እንደጠጣች የሚያውቅ የለም። የታመመች ወፍ ትንሽ ነው የምትጠጣው፤ የመረረ ውኃ ደግሞ ጭራሽ ልትተው ትችላለች። ለ60 ኪሎ ሰው የተሠራ ካፕሱል ለ13 ግራም ወፍ በዓይን ግምት አይከፈልም።

ማክሮራብደስ ነው ብዬ ግን አልፈርድም። ኮክሲዲያ የሚባሉ የአንጀት ተውሳኮችም ያከሳሉ፣ ያስቀምጣሉ። ኮክሎሶማ የሚባል ሌላ ተውሳክ አለ፤ ሶሳይቲ ፊንች የሚባሉት ወፎች ሳይታመሙ ይሸከሙታል፣ ወደ ሌሎች ፊንቾች ጫጩቶች ሲተላለፍ ግን ይገድላል። ካምፒሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ኩሱን ያነጣዋል ወይም ወደ ቢጫ ይወስደዋል። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው፤ የተነፋ ላባ፣ የሰላ ደረት፣ የተበላሸ ኩስ። መድኃኒታቸው ግን የየራሱ ነው። ለማክሮራብደስ የሚሰጠው አምፎቴሪሲን ቢ የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ በሐኪም ልክ ተመጥኖ በአፏ፣ ለተከታታይ ሳምንታት። ለኮክሲዲያ ቢሰጥ ምንም አያደርግላትም። ስለዚህ በግምት አታክሚ።

የሚለያቸው ማይክሮስኮፕ ነው። የወፍ ስፔሻሊስት ባይገኝ እንኳን ማይክሮስኮፕ ያለው የእንስሳት ሐኪም ትኩስ ኩስ ሊያይልሽ ይችላል። ወለሏ ላይ ንጹሕ ፕላስቲክ አንጥፊ፣ ስትጥል ሳይደርቅ ሰብስበሽ በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ ይዘሽ ሂጂ። ሳይውል ሳያድር ይሁን። ከአንድ ቀን በላይ ናሙና ውሰጂ፤ ማክሮራብደስ በየኩሱ ላይ ስለማይወጣ አንድ ጊዜ ተመርምሮ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። ለሐኪሙ ሙሉ ፍሬ እንደምታወጣና ሦስት ቀን አንቲባዮቲክ እንደወሰደች ሳትደብቂ ንገሪው።

እስከዚያው ከጅራቷ ሥር የተጣበቀውን ላባ ለብ ባለ ውኃ በነከርሽው ጥጥ ቀስ ብለሽ አርጥቢና አላቅቂው። አትጎትቺ፤ ቆዳዋ ስስ ነው። መውጫዋ ከተደፈነ ኩሱ ስለሚቀርባት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያ ሳትበርዳት አድርቂያት። ምግቧን ለጨጓራዋ አቅልዪላት። በደንብ የተቀቀለ እንቁላል በሹካ አድቅቀሽ፣ ገለባው የተነሣለት እህል ለጥቂት ሰዓት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈሽና አጥልለሽ ስጫት። የለመደችውን ደረቅ እህልም አጠገቧ ተዪው፤ አዲስ ምግብ የምትለምድበት ጊዜ አሁን አይደለም። ወተትና ወተት የነካው ዳቦ ግን አይሆንም፤ ወፍ የወተትን ስኳር መፍጨት አትችልም።

ጠጠሩን ለምን እንዳስወጣሁሽ ልንገርሽ። እርግብ እህሉን ከነገለባው ስለምትውጥ ጠጠር ይረዳታል። ፊንች ግን እያንዳንዱን ፍሬ በምንቃሯ ፈልፍላ ገለባውን ትጥልና ውስጡን ብቻ ነው የምትውጠው። ያለ ጠጠር ይፈጭላታል። ሆዷን ያመማት ወፍ ደግሞ ጠጠር ካገኘች ያለ ልክ ትውጣለች፤ ጨጓራዋም ይደፈናል። ለካልሲየም የሚሰጠው ሌላ ነው። ከትልቦን የሚባለው ነጭ የባሕር እንስሳ አጥንት፣ ወይም የእንቁላል ቅርፊት አፍልተሽ፣ አድርቀሽና አድቅቀሽ። እነዚህ በሆዷ አሲድ ይሟሟሉ። ኬጁ ውስጥ ሁልጊዜ ይኑሩ።

አሁን ስለሞተው ወንድ። የምጽፈው እንዳይከብድሽ እፈራለሁ፤ ግን ለቀሩት ሦስቱ ማወቅ አለብሽ። የምግብ ዕቃው ሙሉ ነበር ብለሻል። በምን ነበር የተሞላው? ፊንች የፈለፈለችው ገለባ የሚወድቀው ዕቃው ላይ ነው። ከላይ ሲያዩት ወርቃማ፣ ጢም ያለ እህል ይመስላል። ውስጡን ለቄስ ነው። እኔም በጀማሪነቴ አንዲት ወፍ እንዲሁ አጥቻለሁ። ዕቃውን አንስቼ እፍ ስል ገለባው ሁሉ ተነሥቶ ወለሉ ላይ በነነ። ከሥር የቀረው አራት ወይም አምስት ፍሬ ነበር። እስከ ዛሬ ያ ባዶ የዕቃው ወለል ከዓይኔ አልጠፋም። እነዚህ ወፎች አንድ ቀን ሙሉ ሳይበሉ ከዋሉ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ነው። እህል ሲያንስ ደግሞ ጉልበተኛው ቀድሞ ይበላና ደካማው ይቀራል።

ወንዱ የሞተው በዚህ ይሁን አሁን እሷን በያዛት በሽታ፣ እዚህ ተቀምጬ ልፈርድ አልችልም። ሁለቱም ተደርበው ይሆናል። አንቺ ግን በየጠዋቱ ዕቃውን አንሥተሽ እፍ በዪ፣ ቢቻል ድፊውና አዲስ አድርጊ። ለአንድ ወፍ በቀን አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ እህል ብታስቢ ይበቃል፤ ትንሽ ቢተርፍ ይሻላል። ለሦስት ወፍ ሁለት ወይም ሦስት ዕቃ በተለያየ ቦታ አድርጊ፤ አንዱ ሌላውን አያባርርም።

ምግባቸውን በተመለከተ፣ እህል ብቻውን አይበቃም። ተደባልቆ የሚሸጠው የወፍ እህል በአብዛኛው ሚሌት የሚባለው፣ የዳጉሳ ዘመድ የሆነው ደቃቅ ፍሬ ነው። ጉልበት ይሰጣል። ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል፤ ካልሲየሙም ትንሽ ነው። ፕሮቲኑም የተሟላ አይደለም። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል የአፍና የአንጀት ውስጠኛው ሽፋን ይዳከማል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ በሽታም በር ይከፈታል። ዜብራ ፊንች በትውልድ አገሯ አውስትራሊያ ስትኖር የምትለቅመው የደረቀ ፍሬ ብቻ አይደለም። ገና ያልደረቀውን፣ ወተት ያዘለውን የሣር ፍሬም ትበላለች፤ ለጫጩቶቿም ታጎርሳለች። እኛ ኬጅ ውስጥ የምንነፍጋት ይህን እርጥብ ነገር ነው።

ስለዚህ ለጤነኞቹ ጎመኑን መልሺላቸው። ጥቁር አረንጓዴ የሆነውን ቅጠል ምረጪ፤ ነጣ ያለ ሰላጣ ውኃ እንጂ ብዙ ምግብ የለውም። በደንብ እጠቢው። የተፈጨ ካሮትም ይወዳሉ። እንቁላል በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጥቂት ይበቃል፤ ጫጩት ሲኖራቸው ግን በየቀኑ። እንቁላልና እርጥብ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ኬጅ ውስጥ አይቆይ፤ ሲሞቅ ቶሎ ይበላሻል። አቮካዶ ፈጽሞ አትስጪ፤ ወፍ ይገድላል። ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ያለበት ነገርም እንዲሁ።

እህሉ ራሱ ደህና መሆኑን የምታውቂበት ቀላል መንገድ አለ። ሃያ ፍሬ ቁጠሪና በእርጥብ ሶፍት ላይ ዘርጊ። እርጥበቱን እየጠበቅሽ አራት አምስት ቀን ቆዪ። አብዛኛው ከበቀለ እህሉ ሕይወት አለው። ሦስት አራት ብቻ ከበቀለ አርጅቷል፤ ለወፍ አይጠቅምም። ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ከሆነ ጭራሽ ጣይው፤ የሻጋታ መርዝ ጉበታቸውን ይመታል፣ ታጥቦም አይወጣም። የበቀለውን ጤነኞቹ ቢበሉት ጥሩ ምግባቸው ነው። ለዚያ ብለሽ ስታበቅዪ ግን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው። ሲሸት ጥሬ ቅጠል ቅጠል ማለት አለበት፤ ከኮመጠጠ ወደ ቆሻሻ ነው የሚሄደው።

የውኃ ዕቃ መቆሚያ እንጨት ሥር አይቀመጥ፤ ኩሳቸው ይወድቅበታል። ውኃው በየቀኑ ይቀየር፣ ከታጠቡበት ደግሞ ወዲያው። ወደ ፊት አዲስ ወፍ ካመጣሽ ከሌሎቹ ጋር ሳትቀላቅዪ በሌላ ክፍል 30 ቀን አቆዪው። እነዚህ በሽታዎች የሚገቡት ደህና በምትመስል ወፍ ነው።

አንድ ነገር ግን እንድትገዢ እለምንሻለሁ፤ የግራም ነጥብ የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን። ክዳን ያለው ቀላል ዕቃ ላይ አድርገሽ በየሳምንቱ መዝኛቸውና ጻፊ፤ የታመመችውን በየቀኑ ጠዋት። ወፍ በሽታዋን የምትደብቅ ፍጥረት ናት። ላባዋን ነፍታ ስታይ ውስጥ ለውስጥ ብዙ ቆይቷል። አንድ ግራም ለኛ ምንም ነው። ከ13 ግራም ላይ አንድ ግራም መጉደል ግን 60 ኪሎ የነበረ ሰው አምስት ኪሎ ያህል እንደመቀነስ ነው። ሚዛኑ ከዓይንሽ ቀድሞ ይነግርሻል። ሌሎቹ ሁለቱንም ዛሬ መዝኝ። አንድ ውኃ ስለሚጠጡ የእነሱም ኩስ ለሐኪሙ ይቅረብ።

ጥፋቱ የኔ ነው ወይ ላልሽው፣ የተሳሳትሽው ነገር አለ፤ ነግሬሻለሁ። ቸልተኛ ግን አይደለሽም። ወፏን አንሥቶ ደረቷን የሚዳስስ፣ ኩሷን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ቸልተኛ አይባልም። የሚረዳት የመሰለሽን አደረግሽ፤ የመሰለሽ ግን ትክክል አልነበረም።

ባሏን በተመለከተ፣ ለዪያቸው። በሽታው በኩስ ስለሚተላለፍ አብረው መሆን የለባቸውም። ግን አታርቂያቸው። የሷን ሣጥን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ኩስ ከአንዱ ወደ ሌላው የማይደርስበት ቦታ አድርጊ። መጀመሪያ ጤነኞቹን አብዪ፣ እሷን መጨረሻ፤ ከዚያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ሲጠራት ትሰማዋለች። መጀመሪያ ቀን ዝም ብትል አትደንግጪ፤ አቅም ሲኖራት ትመልስለታለች። የመለሰችለት ቀን ክብደቷን መዝነሽ ጻፊልኝ።